ማዕከል ለችግኝ ጣቢያ

ሰኞ ጠዋት ነው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ እሾህ የተነሰነሰበት ይመስል መቀመጥ አቅቷታል። ትነሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች፣ ከዚያ ትቀመጥና ያንኑ ወረቀት እንደ አዲስ ታነባለች። ወረቀቱ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በየሳምንቱ የሚያወጣው «የሠራተኞች ዜናና ማስታወቂያ» ነው። በደህና ቀን የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ሰኞ ሰኞ በሬድዮ መገናኛው ለየጣቢያው የምታነበውም እሷው። ያለፈውን ሳምንት ግን ጉሮሮዋን ታማ ድምጿ ድርግም ብሎ ስለጠፋ አልጋ ላይ ነበር ያሳለፈችው፤ ይህንን ዜና ሌሎች አዘጋጅተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠውላታል። የድንች ማከማቻ ሥልጠና ተጀመረ ይላል። የወተት ጣቢያዋ ገንዘብ ያዥ ሴት ልጅ ተገላገለች ይላል። የጋራዡ በር ተቀየረ ይላል። ዓይኗ ይህን ሁሉ እየዘለለ ከታች ያለው ላይ ይተከላል።

«የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ በራሳቸው ጥያቄ ወደ ማዶ ጣቢያ ተዛውረዋል። መልካም የሥራ ዘመን።»

ከዳሩ ላይ የዳይሬክተሯ አረንጓዴ የእስክሪብቶ ምልክት አለ። ጸድቋል ማለት ነው።

ማዶ ጣቢያ ከወንዙ ወዲያ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፤ ስልክ አይሠራም፤ ሬድዮ እንኳ አልተተከለለትም። እዚያ የሚሄድ ሰው ወይ ተቀጥቶ ነው ወይ ከሆነ ነገር ሸሽቶ። እሷን ያንገበገባት «በራሳቸው ጥያቄ» የሚለው ነበር። ማንም ሳያስገድደው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስላት፣ ድምጿ የማይደርስበት አገር ለመግባት ሰውየው በገዛ እጁ አመልክቷል። ተናደደች። ከንዴቱ ሥር ግን የተኛው ፍርሃት ነበር፤ እሱን አላጣችውም።

የዚህን መሥሪያ ቤት ጠባይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ድሮ ሬድዮ ሳይኖር ዜናው የሚሄደው በመኪና ነበር፤ ሩቅ ጣቢያዎች እስኪደርስ ደግሞ ወሬው ይሻግታል። ስለዚህ ነገ የሚሆነውን ትናንት እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ተለመደ። ሊዛወር ያሰበው ተዛውሯል፣ ልታገባ ያለችው አግብታለች ይባላል። ሠራተኛው «በእኛ ዜና ሰው ሳያምጥ ይወልዳል» እያለ ይቀልዳል። አንድ ጊዜ የመጋዘኑ ሹም የዘር ከረጢት እየቆጠሩ ሳለ የራሳቸውን ጡረታ መውጣት ሰምተው፣ ተናደው፣ ቁልፉን ወርውረው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በማግስቱ ሥራ የገቡት ተለምነው ነው። ሬድዮው ከመጣ በኋላ ዜናው በዕለቱ ይደርሳል፤ ልማዱ ግን አልተተወም፤ ልማድ መቼ ምክንያቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ዳይሬክተሯም «በእኛ ዜና ስህተት የለም፤ ያልደረሰ እውነት እንጂ» ስለሚሉ በእሳቸው ዘመን አንድም እርማት ወጥቶ አያውቅም።

ዳይሬክተሯ ደግሞ አክስቷ ናቸው። እናቷ ስትሞት ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች፤ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ለወግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ «አንቺ» ትላቸዋለች። ቢሮ ግን ቢሮ ነው፣ «እርስዎ» ነው የሚባለው።

ወደ ፍቅሩ እንምጣ። በሬድዮ ላይ ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በሥራቸው ነው፦ ንብ፣ ወተት፣ ድንች፣ ችግኝ። እሷ «ማዕከል» ናት። ዜናውን አንብባ ስትጨርስ እያንዳንዱ ጣቢያ በተራው «ሰማን» ይልና የአካባቢውን ዝናብ ይናገራል። ሌሎቹ በዚያው ያበቃሉ። የችግኝ ጣቢያው ሰው ግን ሁልጊዜ አንዲት ነገር ይጨምር ነበር። «ሰማን። ትንሽ አካፍቷል። ማዕከል፣ ዛሬ እንቅልፍ አልተኛሽም መሰለኝ።» በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ሰማን። ዝናብ የለም። ማዕከል፣ ማን አስቆጣሽ?» ይላል። ፊቷን አይቶ የማያውቅ ሰው ከድምጿ ብቻ የሆዷን ሲያነብ ደነገጠች፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ሰኞን መናፈቅ ጀመረች። ሰኞን የሚናፍቅ ሠራተኛ የት ታይቷል!

በአካል የተያዩት ለዓመታዊው ሥልጠና በመጣ ጊዜ ነው፤ ያውም መመገቢያ አዳራሹ ሰልፍ ላይ። «ሰልፉ የሚጀምረው ከዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከፊቷ የቆመው ረጅም ሰው ሳህኑን እንደያዘ ዘወር አለና ፈዝዞ ቀረ፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች እስኪያጉረመርሙ ድረስ።

«ማዕከል?» አላት።

«ችግኝ?» አለችው ወደ ላይ ቀና ብላ። «እኔ አጭር ሽማግሌ ነበር የመሰልከኝ። አንተማ ዋርካ ነህ።»

ሳቀ። የዓይኖቹ ጥግ ላይ ፀሐይ ያበጀችው መስመር ነበር፤ ሲስቅ ይበዛል። እስከ ሥልጠናው መጨረሻ በሙከራ እርሻዎቹ መካከል አብረው ሲመላለሱ ሰንብተው፣ በመሄጃው ዋዜማ «ለአክስትሽ ልንገራቸው?» አላት።

«ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው።

ጠበቀ። ለስብሰባ በመጣ ጊዜ ደግሞ ጠየቃት፤ «ትንሽ» አለችው። ለዘር ርክክብ ሲመጣም እንዲሁ። አክስቷን ትወዳለች፤ ትፈራለችም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አታውቅም። እሱ አንድ ቀን አልተቆጣም። ስትለየው ግን ዓይኑ ቶሎ አይነቀልላትም ነበር፤ የተናገረችውን ሳይሆን ያልተናገረችውን እየፈለገ ያያታል። ያ አስተያየት ሌሊት ሌሊት ይመጣባትና ታፍር ነበር።

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ሞተር ገቡ። የሾፌሮቹ አለቃ ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ጣቢያዎቹን የሚያዳርሷቸው እሳቸው ሲሆኑ፣ እሷ ስትታመም ደግሞ ዜናውን ያነበቡት እሳቸው ነበሩ።

«ድምፅሽ ተመለሰ? ተመስገን» አሉ የሬድዮውን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጡ። «እኔማ ሳነብ ድንች ጣቢያ፣ ይሄ ዜና ነው ወይስ የመኪና ጥሩንባ ብሎ አላገጠብኝ። ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ።»

«በምኑ?»

«በምኑ ትለኛለች እንዴ! በዶክተሩ ነዋ።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ጋሽ ሞተር፣ ምንድን ነው ያነበቡት?»

ሰውየው ግራ ተጋቡ። «የተሰጠኝን ነዋ። የዜና ክፍል ባልደረባችን ከአፈር ምርምር ክፍሉ ዶክተር ጋር ተጫጭተዋል፣ መልካም ጋብቻ ይሁንላቸው፣ ይላል። አረንጓዴ ምልክት ነበረበት። እኔ እኮ አንቺ ራስሽ ያጻፍሽው ነበር የመሰለኝ።»

ዶክተሩን ታውቀዋለች፤ ጨዋ፣ ትሑት፣ ክፉ የማይወጣው ሰው ነው። እናቱ አክስቷ ቤት እየመጡ ሲጫወቱ ዓላማቸው ገብቷት ነበር፤ ጉዳዩ እዚህ መድረሱን ግን በሕልሟም አላሰበችም።

«ችግኝ ጣቢያ ምን አለ?» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ሞተር ኮፍያቸውን አወለቁ። አሁን ገባቸው። «ሌሎቹ ተንጫጩ። ችግኝ ግን ዝም አለ። መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ጠራሁት። ከዚያ፣ ሰማን፣ አለ። ዝናቡን እንኳ አልነገረኝም።»

ለካ ሸሽቶ አልነበረም፤ ያባረረችው እሷ ናት፤ ባልተናገረችው ነገር።

አክስቷ ቢሮ ስትገባ አላንኳኳችም። አክስቷ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ የመስክ ጉብኝት ላይ ቆይተው የተመለሱት ገና ትናንት ነው፤ ፊታቸው ላይ የመንገዱ ድካም አለ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀና አሉ።

«ታጭታለች ብለው ያስነገሩት እርስዎ ነዎት?»

«በሩን ዝጊው» አሉ። እስክትዘጋው ጠብቀው፣ «አዎ። እሺ ስላልሽኝ ነው» አሉ።

«መቼ?»

«የታመምሽ ዕለት፣ ለጉብኝቱ ከመውጣቴ በፊት። አልጋሽ ጫፍ ተቀምጬ ጠየቅኩሽ። ሾርባ ላምጣልሽ ስልሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። መስኮቱን ልዝጋው ስልሽ ነቀነቅሽ። የዶክተሩ እናት መልስ ይጠብቃሉ፣ እሺ ልበላቸው ወይ ስልሽ ነቀነቅሽ።»

ትዝ አላት፤ ግማሹ ብቻ። ትኩሳቱ፣ የሾርባው ሽታ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ የሚሰማ የአክስቷ ድምፅ። ከመስኮቱ በኋላ ያለው የለም።

«አክስቴ፣ እኔ የነቀነቅኩት ለሾርባው ነው።»

አክስቷ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። «ሾርባውንማ ጠጣሽው» አሉ ቀዝቀዝ ብለው።

«ድምፅ እንደሌለኝ እያወቅሽ» አለች ልጅቷ፤ «እርስዎ» ከአፏ መውደቁን ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። «አንቺ ለአንድ ዘር ሦስት ወቅት ትጠብቂያለሽ። ሳይረጋገጥ ለገበሬ አይሰጥም ትያለሽ። ለእኔ ግን ድምፄ እስኪመለስ አንድ ሳምንት መጠበቅ አቃተሽ?»

«አቃተኝ» አሉ አክስቷ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ድምፅሽ ሲመለስ የምትይውን ስለማውቅ ፈራሁ። ሰኞ ሰኞ ሬድዮው እኔም ክፍል ውስጥ ይሰማል። ችግኝ ጣቢያ ብለሽ ስትጠሪ ድምፅሽ ምን እንደሚሆን ንብ አርቢዋ ሁሉ ታውቃለች፤ እኔ ብቻ ደንቆሮ ልሁን?»

«ታዲያ አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው። መቼም አንድ ቀን ትወጂዋለሽ፣ ያልደረሰ እውነት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጁ ክፉ ነው አልልም። ግን የት ነው የሚኖረው? ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከጥላ መረብ ሥር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ በሚዘጋበት አገር። እናትሽም እንዲህ ነበረች። እንዲህ ዓይኗ እያበራ ነበር አባትሽን ተከትላ ጣቢያ የገባችው። ስትታመም መኪና ላክን፤ መኪናው ጭቃው ውስጥ ቀረ። እኔ እህቴን በዚያ መንገድ አጥቻለሁ። አንቺን በዚያው መንገድ ስትሄጂ ቆሜ አላይም።»

ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር። እናቷ «ታማ ሞተች» ከመባል በቀር ሌላ ነገር ተነግሯት አያውቅም። ልቧ ራራ፤ ሄዳ ልታቅፋቸው ወደደች። እግሯ ግን አልሄደም፤ ከራራች የምትሰበር መሰላት።

«እርማት አነባለሁ» አለች።

«በዚህ ቤት እርማት የለም። ያጸደቅኩትን አንብቢ።» አክስትየዋ ቀርተው ዳይሬክተሯ ተመልሰው መጡ፤ መነጽሩም ከግንባር ወደ ዓይን ወረደ። «ከዚያ ውጭ አንድ ቃል ብትጨምሪ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። የአክስትነት ቃል አይደለም፤ የኃላፊነት ነው።»

ወጣች። ኮሪደሩ ረዘመባት። ሥራዋን ትወዳለች፤ አክስቷን ከሥራዋ አብልጣ ትወዳለች፤ እሱን ደግሞ... እሱን እንዴት እንደምትወደው ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሱም ጭምር። እርማቱን ካላነበበችው ሥራዋ አይነካም፤ አክስቷም አያዝኑም፤ እሱ ወንዙን ይሻገራል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እንዲህ እያሰበች ስትራመድ አንድ ነገር ድንገት ገባት። በዚህ ቤት የተጻፈ ነገር ሁሉ ገና ያልሆነ ነው። እሷ አልታጨችም። እሱም አልሄደም። ሁለቱም ወረቀት ላይ እንጂ መሬት ላይ አልሆኑም፤ እስኪሆኑ ድረስ ዝም ካለች ግን ይሆናሉ። እርምጃዋ ፈጠነ።

የሬድዮው ክፍል በር አጠገብ ዶክተሩን አገኘችው። በሁለት እጁ የአፈር ናሙና ከረጢቶች ተሸክሟል። ሲያያት ፊቱ ቀላ።

«ዶክተር፣ ላነጋግርህ ነበር።»

«እኔም» አለ። «ነገሩን የሰማሁት ከዜናው ነው። እናቴና አክስትሽ ጨርሰውት ኖሯል።»

«ለምን ታዲያ ዝም አልክ?»

ከረጢቶቹን አየ። «ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ተስማምተሽ ይሆናል ብዬ። ሰው ደስ ሲለው አይመረምርም።»

ይህ ከአክስቷ ቁጣ ይልቅ ከበዳት። «ይቅር በለኝ። እኔ... ሌላ ሰው አለ።»

«ችግኝ ጣቢያ» አለ ዶክተሩ።

«ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እሺ አላለውም። «የጣቢያውን አፈር የምመረምረው እኔ ነኝ። ጥሩ አፈር ነው» ብሏት አለፈ። ከኋላው አየችው፤ ሰውየው ምንም ሳይበድል የተጎዳ ነበር።

የሬድዮው ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ከበሩ አጠገብ የኤሌክትሪኩ ማብሪያና ማጥፊያ። የመነጋገሪያው ነገር እንዲህ ነው፦ ለመናገር ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ተጭኖ የያዘ ሰው ግን ሌላውን አይሰማም። ለመስማት ጣትን ማንሳት ግድ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ ደግሞ የሚወጣው ጩኸት ብቻ ነው።

ተጫነች። «ማዕከል ለሁሉም ጣቢያዎች። ይሰማል?»

«ንብ፣ ይሰማል። ድምፅሽ እንኳን ተመለሰልን፣ እቴ!»

«ወተት፣ ይሰማል።»

«ድንች፣ ይሰማል። ከጥሩንባው ገላገልሽን።»

ከዚያ፣ «ችግኝ፣ ይሰማል።» በቃ፤ ሌላ ነገር የለም። ስለ ጉሮሮዋ አልጠየቀም። ያ ሁሌም የሚጨመረው ነገር ባለመኖሩ ብቻ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

የድንቹን ሥልጠና አነበበች። ልጅ የተገላገለችውን አነበበች። የጋራዡን በር አነበበች። ዝውውሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የሚቀጥለው ዜና የጸደቀ አይደለም» አለች። «እርማት ነው። ባለፈው ሰኞ የዜና ክፍል ባልደረባችን ተጫጭተዋል ተብሎ የተነገረው ትክክል አይደለም። ባልደረባችን አልተጫጩም። ታመው ነበር። ድምፅ አልነበራቸውም።» የዜናው ቋንቋ እዚህ ላይ ከዳት። «ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ አይሆንም እል ነበር። ልቤ ያለው ችግኝ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ከገባ ሰንብቷል። ጠብቀኝ እያልኩ ያቆየሁት ፈርቼ እንጂ ንቄው አይደለም። በዶክተሩም የሚፈረድ ነገር የለም፤ እሱም እንደናንተው ከዜናው ነው የሰማው። እርማቱ ይኸው ነው። መስማታችሁን አረጋግጡ።»

ጣቷን አነሳች።

«ንብ፣ ሰማን» አለች ንብ አርቢዋ። «እሰይ። እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አላመንኩም።»

«ወተት፣ ሰማን። እኔ አልቅሻለሁ፣ ዝናቡን ሌላ ሰው ይንገርሽ።»

«ድንች፣ ሰማን። ዝናብ የለም።» ደረቁ የድንች ጣቢያ ሰውዬ ቀጠሉና፣ «አይዞሽ» አሉ። በዕድሜያቸው ለማንም እንዲህ ብለው የሚያውቁ አይመስልም ነበር።

የችግኝ ተራ ደረሰ። ዝም።

«ማዕከል ለችግኝ ጣቢያ» አለች። ጣቷን አነሳች፣ ጠበቀች። ዝም። «ማዕከል ለችግኝ ጣቢያ።»

በሩ ከኋላዋ ተከፈተ። አክስቷ ናቸው። በቢሯቸው ሬድዮ ሰምተው፣ እየሮጡ ሳይሆን አይቀርም የመጡት፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እጃቸው ከማጥፊያው አንድ ስንዝር አይርቅም። ልጅቷ እጃቸውን አየች፣ ከዚያ ዓይናቸውን አየች፤ አልለመነቻቸውም። ሁለቱም በዚያው እንደቆሙ ድምፁ መጣ።

«ችግኝ፣ ሰማን።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ዕቃዬን አስሬያለሁ። አርብ ነው የምሄደው። ማዶ ያሉት ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ ችግኝ ትተክልልናለህ ብለው ቃል አስገብተውኛል፤ ልቅር ብል አልችልም።» ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ማዕከል፣ ጠብቀኝ አልሽኝ፣ ጠበቅኩ። ደግሞ አልሽኝ፣ ደግሞ ጠበቅኩ። አሁንስ? ልጠብቅ?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጠየቅ ምን ያህል ክብር እንደሚያስከፍለው ገባት። ቁልፉን ተጫነች።

«አትጠብቅ።»

ቁልፉን እንደተጫነች ቀረች፤ እሷ ስለያዘችው ማንም ምንም ማለት አይችልም፤ ያቺ አንድ ቃል ብቻ በየጣቢያው ተንጠልጥላ ቀረች። የአክስቷ ፊት አመድ መሰለ። ልጅቷ ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል ቀጠለች።

«አትጠብቅ። የመጠበቁ ነገር ከዛሬ ወዲያ አብቅቷል። ሐሙስ በጋሽ ሞተር መኪና እኔ ራሴ እመጣለሁ። አርብ ስትሻገርም እሸኝሃለሁ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ማዶ ድረስ እመጣለሁ። በዜና አይደለም የምነግርህ፤ ገና ያልሆነውን ሆነ እያልኩህ አይደለም። እመጣለሁ ነው የምልህ።»

አሁን ጣቷን ማንሳት ነበረባት። አቃታት። እስካላነሳች ድረስ መልሱን አትሰማም፤ እስካልሰማች ድረስ ደግሞ እምቢ አላላትም። አንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ጠብቆ ልቡ ቢቀዘቅዝ ማን ይፈርድበታል? እሷስ በምን አፏ? ፍርሃቱ ከጣቷ እስከ ትከሻዋ ወጣ። ዓይኗን ጨፈነችና አነሳች።

ጩኸት! ንብም ወተትም ድንችም በአንድ ላይ ተጭነው ኖሮ የሚሰማው ፉጨትና ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሥር የእሱ ድምፅ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ልጅቷ የሬድዮውን ሳጥን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«በየተራ እንዲናገሩ ንገሪያቸው እንጂ!» አሉ አክስቷ። እጃቸው ከማጥፊያው ወርዶ ቀሚሳቸውን ጨብጧል። «እንዲህ ሲሆን ምኑ ይሰማል? ሥርዓት ይኑራችሁ በያቸው። ልጁ ይናገር።»

«ማዕከል ለሁሉም» አለች። «እባካችሁ ዝም በሉ። ችግኝ ብቻ።»

ጸጥ አለ። ቀጥሎ እሱ ሲስቅ ተሰማ፤ ሳቁ ግን እርጥብ ነበር።

«ችግኝ፣ ሰማን» አለ። «ማታ ሲዘንብ ነው ያደረው። መንገዱ ጭቃ ነው። ቦት ጫማ አድርገሽ ነይ።»

ልጅቷ አጎንብሳ ግንባሯን ሬድዮው ላይ አሳረፈች። ቦት ጫማ የላትም፤ ከማዕከል ወጥታ አታውቅማ። ከኋላዋ አክስቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። ዞር ስትል ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዙረዋል፤ እንዲታዩ አልፈለጉም።

«እግራችን እኩል ነው» አሉ። «የእኔን ውሰጂ።»

ልጅቷ ያለቀሰችው ይህን ጊዜ ነው።